የሁስና ሁለት ዕድሜ

«ሃያ ሁለት ዓመት ይላል እኮ!» አሉ አሠልጣኙ ጋሽ ገብረየስ፣ የሆላንድ ኤምባሲ የመለሰውን የሁስናን ፓስፖርት ከዓይናቸው እያራቁ። ከበሮው ቆመ። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር በተከራዩት ግቢ እስክስታ ሲለማመዱ የነበሩት ልጆች ሁሉ ወደ ሁስና ዞሩ።

ሁስና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዋሸው ወረቀቱ ነው። እናቷ ዘኪያ ከወሎ ወደ ካርቱም ስትመጣ ለቤት ሠራተኛ ልጅ ይዞ መግባት አይፈቀድም ቢሏት፣ የልጇን ቁመት ተማምና «እህቴ ናት፣ አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብላ አስጻፈች። እህትማማች እንዲመስሉም የአባቷን ስም ትታ በአያቷ በይማም አስጠራቻት። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀም።

«ሆላንድ ለልጆች የውዝዋዜ በዓል የሚጠብቁት ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ነው» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «የተላከው አንድ ዝርዝር ስለሆነ የስምንታችሁም ቪዛ ተይዟል። እስከ ሰኞ እናትሽ ቀርበው ያስተካክሉ። አለበለዚያ ሌሎቹ እንዲሄዱ ስምሽን መሰረዝ ግድ ይሆናል።»

«ወላሂ፣ ያለ አንቺ ማን ይመራናል?» አለች ጓደኛዋ ራሔል።

 ሁስና ልምምዱን ጥላ በሪክሻ ወደ ሪያድ ሰፈር ከነፈች። እናቷ ከምትሠራበት ቪላ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ጣጣ ነው!» ብላ ጮኸችባት። እናቷን እንዲህ ተናግራት አታውቅም።

ዘኪያ ነገሩን ጠይቃ ተረዳች። «እሑድ ጀዋዛት፣ ኢሚግሬሽን ቢሮው ሄጄ እናቷ ነኝ እላለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«አያስሩሽም?»

«እውነት የተናገረ ይታሰራል እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳትነቅል።

ሁስና አመነቻት፤ ማመን ፈልጋ ነበርና። በማግስቱ ክፍል ውስጥም እግሯ ከጠረጴዛው ስር ሲጨፍር ዋለ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን አልጋው ላይ የእናቷን ቀሚሶች ሻንጣ ውስጥ ተደርድረው አየች። የእሷ ልብስ ለብቻው በነጠላ ተቋጥሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምናልባት ወደ አገር ቢመልሱኝ ብዬ ነው» አለች ዘኪያ። «ለራሔል እናት ነግሬያታለሁ። ከሆላንድ ስትመለሺ እሷ ጋ ትሆኛለሽ። ሹራብሽን እንዳትረሺ፣ እዚያ ብርድ ነው አሉ።» ስለ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታወራ ነበር የምትመስለው።

 ሁስና አፈረች፤ ትናንት የጮኸችው ጩኸት ጆሮዋ ላይ ቀረ። ቋጠሮውን ፈትታ ልብሷን ወደ ቦታው መለሰች፤ የእናቷንም እንዲሁ። ዘኪያ ልትከለክላት ስትል ሁስና በሩን ዘግታ ወጣች።

ጀሪፍ ስትደርስ ልምምዱ ተጀምሯል። «ጋሽ፣ ስሜን ይሰርዙት» አለች።

«እናትሽ አያስተካክሉም?»

«አታስተካክልም። እኔ አልፈልግም።»

ጋሽ ገብረየስ ትንሽ አይተዋት እስክሪብቷቸውን አወጡ። ስሟ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ሁስና ፊቷን አላዞረችም።  ሰባቱም ልጆች ላይ ቀናች፣ ከሁሉም ይበልጥ ራሔል ላይ።

«ያላ ራሔል፣ ወደፊት ነይ» አለች። «የምትመሪው አንቺ ነሽ። ግራ ትከሻሽ ይሰንፋል።»

ራሔል እንባ እንባ እያላት መጣች። ሁስና ሁለት ክንዷን ይዛ ራሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አቆመቻት፤ ከዚያ ፊት ለፊቷ ሆነች።

«እኔን እያየሽ» አለቻት። «ከመጀመሪያው።»