ዕረፍቱ ነው የጠቀመሽ

መጀመሪያ ያየሁት ቀን የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ዐይኑ ሊወጣ ደርሶ ነበር። በጤና ጣቢያው የአረጋውያን ስፖርት ክፍል ትልቁን ክብደት አንስቶ ትንፋሹን ይዟል።

«ጋሼ፣ ይተንፍሱ እንጂ» አለችው አሰልጣኟ። «ሲያነሱ አየር ያስወጡ። ትንፋሽ ሲታፈን የደም ግፊት ይወጣል ብዬ ስንቴ ልንገርዎት?»

ክብደቱን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«አዲስ ሰው ስትገባ አይቼ ነው» አለ። «ጎበዝ ልምሰል ብዬ።»

ስልሳ ካለፈኝ በኋላ እንዲህ የሚል ወንድ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሳቄ አመለጠኝ። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ ሁሉም ሾፌሩ ይለዋል።

እኔን ወደዚያ የላከኝ ሐኪሙ ነው። ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ የደም ሥሮቼም ከዕድሜ ጋር ደንድነዋል አለኝ፤ መድኃኒትም አዘዘልኝ። አሰልጣኟ ደግሞ በሚገባን ቋንቋ ታስረዳናለች። ጡንቻ ሲሠራ ደም ይፈልጋል፣ ደሙ በደንብ ሲመላለስ የሥሩ ግድግዳም መላላትን ይለምዳል ትላለች። ብቻ ቀስ ተብሎ፣ በመጠኑ፣ ሳይቋረጥ። እኔና ሾፌሩ ጎን ለጎን ተቀምጠን የላስቲክ ገመድ እንስባለን።

«እርስዎ ሲስቡ ገመዱ ራሱ ደስ ይለዋል» ይለኛል።

«ገመዱን ይተዉትና ትንፋሽዎን ይጠብቁ» እለዋለሁ።

እንዲህ እየተባባልን ልቤ ሄደ። ደግሞ አላፈርኩም።

አንድ ቀን ግን ያ ጉረኛ እኔን ሊያስደንቅ ብሎ ትልቁን ክብደት እንደገና አነሳ። ትንፋሹን ያዘ። አዞረውና ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ልጄ ልትወስደኝ መጥታ በሩ ላይ የቆመችው ልክ ያን ጊዜ ነበር። እሱ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ ተነሳ። የልጄ ፊት ግን አመድ መስሎ ቀረ።

አባቷ የሞተው ቤት ስንቀይር ነው። ቁም ሳጥን እንደተሸከመ ደረጃው ላይ ወደቀ። እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አጠገቡ ቆማ አይታዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር አታነሺም» አለችኝ። «ጀበናም ቢሆን፣ ባልዲም ቢሆን። እዚያ ስፖርት ቤትም አትመለሺም።»

የምኖረው እሷ ጋ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጠዋት ሥራ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ስቆጣ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ እሸነፋለሁ። ከሾፌሩ ጋር ስልክ እንኳ አልተለዋወጥንም ነበር፤ ሁልጊዜ የምንገናኝ መስሎን። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ረሳኝ ማለት ነው አልኩ።

ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መስኮት። በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። በአሳንሰሩ ድምፅ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ መለየት ጀመርኩ። እኔ ብቻ አልወጣም።

አንድ ጠዋት በንዴት ተነሳሁና ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን የላስቲክ ገመድ አውጥቼ በዚያው በተቆለፈው በር እጀታ ላይ አሰርኩት። ሳብኩ። ፉ... ለቀቅኩ። በማግስቱም ሳብኩ። የውሃ ጠርሙሶች ሞልቼ አነሳሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተነሳሁ። ልጄ ልትመጣ ስትል ገመዱን ትራስ ሥር እደብቃለሁ።

ማታ ማታ ግፊቴን ትለካኛለች። ሳምንታት ሲያልፉ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ከደስታዋ ብዛት አቀፈችኝ።

«አየሽ እማዬ? ዕረፍቱ ነው የጠቀመሽ።»

ጉድ በሉ እንግዲህ! በተሻለኝ ቁጥር ቁልፉ ይጠብቅብኛል። እውነቱን ብነግራት ገመዱን ትወስደዋለች። ዝም ብላት በገዛ ልፋቴ እስረኛ ሆኜ ልቀር ነው። ልተወው ብል ደግሞ ግፊቱ ይወጣና አልጋ ላይ ታስተኛኛለች። በየት በኩል ልውጣ?

አንድ እሑድ ለክታኝ ስትጨርስ፣ «እንኳን ያንን ሾፌር አላስገባሁት» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ።

«የቱን ሾፌር?»

ደነገጠች።

«እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ቤታችንን ጠያይቆ ደጋግሞ መጣ... ታች በር ላይ አግኝቼው ነበር። እናቴ በሽተኛ ማየት አትፈልግም አልኩት። ለአንቺው ብዬ ነው፣ እማዬ።»

መኝታ ቤት ገባሁና ገመዱን ይዤ ወጣሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ተቀመጪና እዪ።»

በሩ ላይ አሰርኩት። እያየችኝ ሳብኩ፣ ተነፈስኩ፣ ለቀቅኩ። «ተይ እማዬ፣ በፈጠረሽ!» እያለች ነው። አልተውኩም። ስጨርስ ቁጭ ብዬ በደንብ አረፍኩና ክንዴን ዘረጋሁላት።

«ለኪኝ።»

ለካች። ቁጥሩ ያው መልካሙ ቁጥር ነበር።

«ያወረደው መድኃኒቱና ይሄ ነው» አልኳት። «ቁልፍሽ አይደለም።»

«አባዬን እኮ አይቼዋለሁ...»

«አውቃለሁ። እኔም ባሌን ነው ያጣሁት። ግን እንዳልሞትብሽ ብለሽ በቁሜ ቀበርሽኝ፣ ልጄ።»

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ቁልፉን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሾፌሩ ኮቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«በሽተኛ ማየት አይፈልጉም ተባልኩ» አለ፣ ቀና ሳይል። «አልፈርድብዎትም።»

«እኔ አላልኩም። ተቆልፎብኝ ነበር።»

አየኝ። «አሁንስ?»

«አሁን ወጣሁ። ስወጣ መጀመሪያ የመጣሁት አንተ ጋ ነው።»

«አንተ» ስለው ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«እንግዲያው አብረን እንኑር» አለ። «ብቻዬን ሰልችቶኛል። አንቺ የሌለሽበት ቀን አይመሽልኝም።»

«እሺ» አልኩት። መሽኮርመሚያ ዕድሜው አልፎብኛል።

ተጋባን። ልጄ አልመጣችም፤ ቁልፉን ብትሰጠኝም ከቤቷ ጥዬ መውጣቴ አልዋጥ ብሏት። ደስታዬ ግማሽ ሆኖ ከረመ፤ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት እሱ ቤት ቁርስ ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። ገርበብ ብሎ ክፍት ነበር፤ ገፋ አድርጎ መግባት ይቻላል። ልጄ ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«እማዬ... ልግባ?» አለች።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ባሌ ወንበር ሊያመጣላት ተነሳ።