ጠቅ አለ፤ ከዚያ ጮኸ

«ልጄን ገድዬዋለሁና ኑ ውሰዱኝ» ብለው ስልኩን የዘጉት እማማ ኦፓል ራትሊፍ ራሳቸው ነበሩ።

የሸሪፍ ቢሮዋ መርማሪ ዴልፊያ ኮምስ ጥሪው ሲደርሳት የጠበሰችውን እንቁላል ገና አንዴ መጉረሷ ነበር። ሳህኑን እንዳለ ለውሻዋ አወረደችና ወጣች። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ውስጥ እማማ ኦፓልን የማያውቅ የለም። ዴልፊያን በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ስትዋሽ በዓይኗ ብቻ የሚያውቁባት ሴት ነበሩ። መንገዱን ሁሉ «ምነው ሌላ ሰው በተላከ» እያለች ነዳች።

ሌሊቱን የጣለው ዶፍ መብራቱን ወስዶታል፤ ወንዙም ሞልቶ ድልድዩን ይልሳል። ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከጓሮ በሩ ደፍ ላይ፣ ታናሹ ልጅ ዶይል በጀርባው ተዘርሯል። ደረቱን አንድ ጥይት አግኝቶታል። እናቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጭቃ የያዘ ቡት ጫማውን ታቅፈዋል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ሊያነሣቸው ሞክሮ አቅቶት ቆሟል።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ። መሬቱ ይበርዳል።»

«እሱንስ አይበርደውም?»

ዴልፊያ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ሌባ መጣ ተባልኩ። ማታ የማወልቀውን የመስሚያ ጆሮዬን ከሳህኑ ላይ ብፈልግ አጣሁት። ሽጉጤን ይዤ ወጣሁ። ማነህ? አልኩ፤ ደግሜ ማነህ? አልኩ፤ እንደተማርኩት። መልስ የለም። ሳብኩት። በእጄ ላይ ጠቅ አለ፤ ከዚያ ጮኸ።» ቀኝ ጆሯቸውን ነኩ። «እዚህ ጋ ጮኸ። የደነቆረው ጆሮዬ እንኳ ሰማው። አንቺ ልጅ፣ ዛሬውኑ ውሰጂኝ። እዚህ ቤት አንድ ቀን አላድርም። ካደርኩ ጠዋት በሕይወት አታገኙኝም።»

«ሌባ መጣ ያለዎት ማነው?»

«ማንም አላለም» አለ ከምድጃው ወዲያ የቆመው ሰው። ታላቁ ልጅ ኸርሼል ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። «እኔ ፎቅ ላይ ነበር የተኛሁት። ጥይት ሰምቼ ነው የወረድኩት። እማዬ ዘንድሮ ነገር ይምታታባታል፤ ባለፈው ሳምንት እኔን በአባቴ ስም ጠርታኛለች።»

እማማ ኦፓል አንገታቸውን ደፉ። «ይምታታብኛል፤ እውነቱን ነው» አሉ። ዴልፊያን ከሬሳው ይልቅ የከበዳት ይህ ነበር። እኒያ ቆፍጣና ሴት የገዛ አእምሯቸውን ማመን ትተዋል።

ሻሻቸውን ልታስተካክልላቸው እጇን ዘረጋች። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ያለው ሽበት ጫፉ ተለብልቦ ተጠቅልሏል። ጣቶቻቸው ደግሞ ለመገጣጠሚያቸው በሚቀቡት የካምፎር ቅባት ይሸታሉ፤ ቤቱ ሁሉ በእሱ ታጥኗል። ፖሊሱ በከረጢት ያስቀመጠውን ሽጉጥ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ የሚቀመጥ፣ አምስት የሚጎርስ አጭር ሽጉጥ ነው። አንድ ቀለህ፣ አራት ሕያው ጥይት አለበት። መያዣውን አሸተተችው፤ የመሣሪያ ዘይትና የሚታኘክ ትንባሆ ሸተታት።

«የምግብ መስሎሽ ነው እንዴ?» አለ ኸርሼል።

«ቁርሴን ለውሻ ሰጥቼ ነው የመጣሁት፤ አትፍረድብኝ» አለችው። ከምድጃው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን የእጅ ባትሪም አንሥታ ተጫነችው። ቦግ አለ። የእማማን የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ፈላልጋ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አገኘችው። ዴልፊያ ረጅም ናት፤ እሷም ተንጠራርታ ነው የደረሰችበት።

ፖሊሱ የሟቹን ኪስ ፈትሾ ነበር። የመኪና ቁልፍና በመሐረብ የተቋጠሩ አምስት የሽጉጥ ጥይቶች አገኘ።

ጎረቤቱ ላውሰን ከአጥሩ ማዶ፣ በረንዳቸው ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ የሸለቆውን ሰው ሁሉ መተኮስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«አጎቴ ላውሰን፣ ያ ሽጉጥ እንዴት ነው የተመረጠው?»

«አምና ሌቦች እዚህ ሸለቆ ሦስት ቤት ሲሰብሩ፣ ኸርሼል የአደን ጠመንጃ ልግዛላት ብሎ መጣ። ሲያቀባብሉት ድምፁ ብቻ ሌባ ያባርራል አለ። በድምፅ የሚባረር ሌባ ከሆነ ድስት ትደብድብ፣ ይበቃል አልኩት! መሣሪያ ለጉራ አይመረጥም፤ ለሚይዘው እጅ ነው የሚመረጠው። የኦፓል አንጓ ጠመንጃ አያቀባብልም። እንዲህ ያለውን፣ ቃታ ከመሳብ ሌላ ጣጣ የሌለውን ምረጡላት አልኩ። ኸርሼል መንታ ሽጉጥ ገዛ፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ።»

«አጠቃቀሙንስ?»

«መብራት፣ ድምፅ፣ ቃል። ታበሪያለሽ፤ ትጠሪያለሽ፤ ቃሉን ትጠብቂያለሽ። ያላየሽው ላይ አትተኩሺም። ጣትሽ ቃታው ላይ የሚያርፈው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሌላ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።»

«ቃሉ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ፊታቸው እንቢ አላቸው። «አሬራ። ዶይል ሕፃን ሆኖ የበቆሎ ዳቦ በአሬራ ካልፈተፈቱለት አይበላም ነበር። ማነህ? ስትል አሬራ ይላታል፤ እሷም ግባ ትለዋለች። ሲሣሣቁበት ነው የኖሩት።»

«ዶይል ሽጉጥ ነበረው?»

«የአጋዘን ጠመንጃ ብቻ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት አገኘሁ እኮ፤ ኪሱ ውስጥ አምስት የሽጉጥ ጥይት አለ።»

ላውሰን ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩ። «ለሞተ ሰው የገቡትን ቃል ማፍረስ ከባድ ነው።»

«በሕይወት ያለችውንስ ሴት ሳትሞት መቅበር?»

«መጀመሪያ ሬቫን ጠይቂያት» አሉ። «ልብስ ያሰጣችበትን ቀን በያት።»

የዶይል ሚስት ሬቫ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች። አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አብጧል።

«አዎ፣ እማማ ልብስ ሳሰጣ ሽጉጥ ደግነውብኛል። አላወቁኝም። እኔም ለዶይል ወይ ያ ሽጉጥ ከዚያ ቤት ይውጣ ወይ እኔ ከአንተ ቤት ልውጣ አልኩት። ጠልቻቸው ነበር፤ ልደብቅሽ አልችልም። እሱ ግን እናቴን አላዋርዳትም፣ ሳታውቅ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ይኸው አስተካከለው!» መሪውን በጡጫ መታችው።

«ዛሬ ምን አስወጣው?»

«ሳይነጋ ስልክ ተደወለለት። እሺ፣ በጓሮ በር እመጣለሁ አለና ወጣ። እማማ መስለውኝ ዝም አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እማማ በጓሮ በር የሚገባ መርዶ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። መቼም በጓሮ በር ና አይሉትም።»

ዴልፊያ ከኸርሼል ጋር የተነጋገረችው ለብቻው፣ በመተላለፊያው ላይ ነው። ሰውየው ምስኪን ሆኖ ቀረበ። እናቱን ወደ አረጋውያን መኖሪያ እንደሚወስድ፣ የቤተሰቡን መሬት ለእንጨት ቆራጮች ከመሸጥ ሌላ መንገድ እንደሌለው ነገራት።

«ዶይል እንዳይሸጥ ይከራከር ነበር አሉ።»

«ነበር። አሁን ማን ይከራከራል?» አለና ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

እያወራ ቀኝ ክርኑን ከጎኑ አላላቀቀም። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ቀበቶው ላይ ሽጉጥ ማንጠልጠሉ ባርኔጣ እንደማድረግ ነው፤ ማንም ልብ አይልም። ዴልፊያ ግን ወደ እሱ ጠጋ ስትል አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታው።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። እማማ ኦፓል የመስሚያ መሣሪያቸውን አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሬቫ ከግድግዳው ተጣበቀች፤ ላውሰን በሩ ላይ ቆሙ። ፖሊሱ፣ ዴልፊያ እንዳዘዘችው፣ ከኸርሼል ጀርባ ሆነ።

«እማማ፣ ይምታታብኛል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የነገሩኝን ሁሉ እንዳለ ወሰድኩት። ይህን ሽጉጥ የተኮሰ ሰው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚተኩሰው። የርስዎ ፀጉር ግን ከጆሮዎ በላይ ተለብልቧል። እሳቱ የወጣው ከእጅዎ አይደለም፤ ከትከሻዎ በላይ፣ ከኋላዎ ነው።»

«ከኋላዬ ማን ነበር?»

«ሌባ መጣ ያለዎት ሰው። ጆሮዎን ከሳህኑ አንሥቶ ማቀዝቀዣው ላይ የሰቀለው። ጤነኛ የእጅ ባትሪ እያለ ያላበራልዎት። ዶይልን በስልክ ቀስቅሶ በጓሮ በር የጠራው።»

«ተረት ነው!» አለ ኸርሼል። «ሽጉጧ እኮ ተይዟል። ተተኩሶበታል!»

«እሱማ ተተኩሶበታል። የእሷ ግን አይደለም። በየማታው በካምፎር የታሸ እጅ የያዘው መሣሪያ ካምፎር ይሸታል። ያ ትንባሆ ነው የሚሸተው፤ አንተ የምታኝከውን።» ወደ ላውሰን ዞረች። «አጎቴ፣ አሁን ይናገሩ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እሁድ ዕለት ዶይል መጥቶ የልምምድ ጥይት ለመነኝ። ባሩድ የሌለው፣ ቀዩን። ኦፓል ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስትለባብስ የአንገቷን ቁልፍ ወስዶ ሕያዎቹን አውጥቶ እነዚያን አስገባ። እስካሳምናት ድረስ ሽጉጥ አለኝ ብላ ተረጋግታ ትተኛ አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

«ስለዚህ ነው ጠቅ ያለው» አለች ዴልፊያ። «ኸርሼል፣ ያሰብከው እናትህ ወንድምህን በእጇ እንድትገድልልህ ነበር። እሱ ይሞታል፤ እሷ አብዳ ገደለች ትባላለች፤ መሬቱ ላንተ ይቀራል። ሽጉጧ ጠቅ ሲል ጥይቱ የከሸፈ መሰለህ። ዶይል በሩን አልፎ ገብቷል፤ አሁን እሱ ካየህ ሁሉም ነገር ያበቃል። በትከሻዋ ላይ አሻግረህ በራስህ ተኮስክ። ከዚያ እማዬ አምጪው ብለህ በጨለማ ተቀበልካት፤ ያንተን እንደ እሷ አስቀምጠህ የእሷን ታጠቅክ። እሷ ሬሳው ላይ ወደቀች፤ ስልኩንም ወዲያው ደወለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ከአጠገብህ አልራቀም። ከፍተህ ለማየት ጊዜ አላገኘህም።»

ኸርሼል ክርኑን ጠበቅ ሊያደርግ ሲል ፖሊሱ ቀደመው። ጃኬቱን ገልጦ ሽጉጡን ከማህደሩ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የካምፎር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ዴልፊያ ከበሮውን ከፈተችው። አምስት ቀያይ የልምምድ ጥይቶች ተንከባለሉ፤ የአንደኛው ቂጥ ተወግቷል።

ሬቫ ጮኸች። ላውሰን ያዟት።

ዴልፊያ የምትጠብቀው እማማ ኦፓል እፎይ እንዲሉ ነበር። ልጃቸውን አልገደሉም፤ ነፃ ናቸው። አሮጊቷ ግን ከወንበሩ ተንሸራትተው በጉልበታቸው ወረዱ፤ የዴልፊያን ሱሪ ጨመደዱ።

«እኔ ነኝ በይ!» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን ቀረኝ? አንዱ ሄደ፤ ሁለተኛውን አትውሰጅብኝ። ማንም አያውቅም። አስተምሬሻለሁ እኮ፣ በጉልበቴ አስቀምጬሻለሁ!»

«ያስተማሩኝ እንዳልዋሽ ነበር፣ እማማ» አለች ዴልፊያ። ልታነሣቸው ሞክራ አልቻለችም።

ኸርሼል እጁ በካቴና ታስሮ በጓሮ በር በኩል ሲወሰድ እናቱ ጠሩት።

«ኸርሼል።»

ቆመ። ፊቱን አላዞረም።

«ወንድምህ መልሶልኝ ነበር?»

ዝናቡ ከጣሪያው ጠርዝ ይንጠባጠባል።

«መልሷል፣ እማዬ።»

«ምን አለ?»

«አሬራ አለ። ሁለቴ። እየሳቀ።»

ወሰዱት። በሩ ሳይዘጋ ቀረ። እማማ ኦፓል ከወለሉ ላይ ሆነው ደፉን፣ የደረቀውን ጭቃና ከዚያ ወዲያ ያለውን ባዶ ጓሮ አዩ። የመስሚያ መሣሪያቸውን በጣታቸው ወደ ጆሯቸው ጠበቅ አደረጉትና፣ ቀስ ብለው፣ «ግባ» አሉ።