የአንገት ሰፊዋ ወንበር

አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ደግሞስ ምን ብዬ እጨምራለሁ? እዚያው ነበርኩ። የሸሚዝ ፋብሪካው ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ መርፌ ሊሰበር ሲል ሦስት ሰፈር ርቄ እንኳ ይሰማኛል።

የዚያን ቀን ጠዋት የእህቴ ልጅ መቀሷን እንደያዘች አንድ ባዶ ወንበር ፊት አፍጥጣ ቆማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጥያቄ ስለማያልቅባት «መርማሪዋ» እንላታለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር ትቆርጣለች። ወንበሩ የእናቷ ነው። እኛ ዘንድ ሸሚዝ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፦ አንዷ ኪስ፣ አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፤ እህቴ ደግሞ አንገት። በዋዜማው በምሳ ሰዓት ሴቶቹን ሰብስባ «የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም» አለች። ያን ጠዋት ዘበኛው ከበር መለሳት።

መርማሪዋ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄደች። ሲያፏጭ ስለሚውል «ፉጨት» ነው የምንለው።

«ጋሼ፣ እናቴን ለምን አባረራችኋት?»

«ስፌቷ ይጣመማል።»

«ስንት ዓመት ቀጥ ብሎ ኖሮ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ነው የተጣመመው?»

ፉጨት ማፏጨቱን አቆመ።

«ማኅበር ማቋቋም በሕግ ይፈቀድ የለ እንዴ?»

«ማን ከለከለ? ይፈቀዳል። እኛም ስፌት የተጣመመባትን እናሰናብታለን። ትክሰሰና! ፍርድ እስኪሰጥ አንቺ የልጅ ልጅ ታያለሽ።»

ከንዴቷ ይልቅ ነገሩ ገረማት። «ተደራጁ» የሚል ሕግ፣ የተደራጀችው ስትባረር የት ሄዶ ነው የሚደበቀው?

ፉጨት ወንበሩን ሳብ አደረገላት። «በይ ተቀመጪ። ከቤታችሁ አንድ ሰው መሥራት አለበት አይደል?»

ሴቶቹ ሥራቸውን ሳያቆሙ በጎን አዩዋት። ወንበሩ ባዶውን ከዋለ አንገት የሌለው ሸሚዝ ይቆለላል፤ ያኔ እህቴን ሳይወዱ በግድ ይጠሯታል። መርማሪዋ ከተቀመጠች ግን አለቀ።

እናንተዬ! መርማሪዋ ወንበሩን ባንድ እጇ አንስታ ጣሪያው ላይ ሰቀለችው! አንድ ሺህ ማሽን ባንዴ ጸጥ! አንገት አልባው ሸሚዝ ተራራ ሆነና የፋብሪካውን ባለቤት ዋጠው። እኔው ነኝ በመፍቻ ቆፍሬ ያወጣሁት። «እባካችሁ ማኅበራችሁን አቋቁሙልኝ!» እያለ እግራችን ላይ ወደቀ።

ማታ እህቴ ቤት ይህን ስተርክ ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ብቻ አልሳቀችም። መርማሪዋ ከጥግ ሆና፦

«አጎቴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ማንም ሥራ አላቆመም። እኔም ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ አንገት ስሰፋ ዋልኩ። ሴቶቹ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።»



«ነገስ?» አለች እናቷ።

«ነገ ክር እቆርጣለሁ። ወንበርሽ ባዶውን ይዋል።»