የካላ ሩያው መንገድ መሪ አሟሟት

የጋንቲኔ ሎዱ አስከሬን የተገኘው በካላ ሩያ የባሕር ዳርቻ ነጭ ጠጠር ላይ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳዞረ ነበር። ከበላዩ የኖራ ድንጋይ ገደል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከጎኑ የባሕር ዋሻው አፉን ከፍቶ ማዕበሉን እየዋጠ ይተፋል። ወደዚያች ጠረፍ በእግር መግቢያ የለም። ወይ በጀልባ ይደርሱባታል፣ ወይ ከገደሉ አናት ይወድቁባታል። ጋንቲኔ ዕድሜውን ሙሉ በእነዚያ ተራሮች እንግዳ ሲመራ የኖረ ሰው ነውና፣ መንደሩ «መቼስ የለመደው ገደል ነው የከዳው» ብሎ ወዲያው አመነ።

ኢንስፔክተር ቦናሪያ ኡሳይ ግን ቶሎ የምታምን ሴት አልነበረችም። ከቀትር ጀምሮ ከምድር ወደ ባሕር ሲያጓራ በዋለው ነፋስ እየተናጠች በፖሊስ ጀልባ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የሚያማትን ጉልበቷን እያሸች ተንበረከከችና የሟቹን ጫማ ገልብጣ አየች። በሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ነጭ የጠጠር ፍርፋሪ ብቻ ነው።

«ትናንት ሌሊት አልዘነበም እንዴ?» አለች አብሯት የመጣውን ፖሊስ።

«እንደ ጉድ ነው የዘነበው።»

«ወደ ገደሉ አናት የሚወስደው መንገድ አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ጭቃ ነው ኢንስፔክተር። አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

ቦናሪያ ጫማውን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

አስከሬኑን ያገኙት ሽማግሌው ጀልበኛ ባኪስዮ ነበሩ። መንደሩ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ጋሽ ባኪስዮ፣ እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

«ዓሣ ላጠምድ።»

«በዚህ ነፋስ?»

ሽማግሌው የሻከሩ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ።

«ለመንገድ መሪዎች ረዳት የነበረውን ልጅዎን ኤሊሴዮን ሸለቆው ውስጥ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ የመንገድ መሪ ዓይን ማየት አይወዱም ይባላል።»

«ልጄን የገደለው ጎርፍ አይደለም፤ እምቢተኝነቱ ነው። ተው እየተባለ ገባ።» ከዚያ እውነቱን አወጡ። «ጋንቲኔ ራሱ ነው የጠራኝ። ከሰዓት በኋላ ካላ ሩያ ይምጡ፣ ስለ ኤሊሴዮ የምነግርዎት አለ፣ መንደር ውስጥ የሚወራ አይደለም አለኝ። ስደርስ ወድቋል። ላቃናው ብሞክር ክንዱ አልታጠፍ አለኝ፤ እንደ ግንድ ደርቋል።»

«ደርቋል?»

«ድርቅ! ምነው፣ ጠረጠርሽኝ እንዴ ልጄ?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው። ዛሬ እዚሁ ያድራሉ።»

ነፋሱ ሌሊት ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ቦናሪያ በድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ከገደሉ በላይ፣ ከጽዱ ደን ጥግ ወዳለው የፕሪያሞ ቤት ወጣች፤ ቀዩ ጭቃ የሚጀምረው ከቤቱ ወዲያ ነው። ፕሪያሞም መንገድ መሪ ነው፤ የጋንቲኔን እህት ፔፓን አግብቷል። ስስ ደረቅ ዳቦና የበግ አይብ አቀረበላትና፣ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ! ምነው ዓይኔ በጠፋ! ትናንት ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳለሁ ገደሉ ጫፍ ላይ ነበር። የባሕሩ ፀሐይ ዓይኑን ሲወጋው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደፊት ራመድ አለ፤ በቃ፣ እግሩ ከዳው። ብጮህ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው።»

«ወይዘሮ ፔፓ፣ ወንድምዎ ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

ጥቁር የለበሰችው ሴት ከመስኮቱ ሳትላቀቅ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ጠዋት መጥቶ ነበር። ከዚያ እኔ ፍየሎቹ ጋ ሄድኩ።»

«አቶ ፕሪያሞ፣ ኤሊሴዮ የሞተ ቀን እንግዶቹን ይመራ የነበረው ማን ነው?»

አይቡን የሚቆርጠው ቢላ ቆመ። «እኔ ነኛ። ተው ብዬው እምቢ አለ። አገር ያወቀው ነገር ነው።»

በዚህ መሃል ፖሊሱ እያለከለከ ገባ። «የጋንቲኔ ባርኔጣ! ገደሉ ጫፍ፣ የጥብስ ቅጠል ቁጥቋጦ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት!»

«ይኸው!» አለ ፕሪያሞ። «ምን አልኳችሁ?»

ቦናሪያ ባርኔጣውን ተቀብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ባኪስዮን ጨምሮ ሁሉንም ገደሉ አናት ላይ ሰበሰበቻቸው። ከታች ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል፤ ጭልፊቶች ከድንጋዩ ስንጥቅ እየወጡ ይዞራሉ።

«አቶ ፕሪያሞ፣ ጋንቲኔ ቆሞበታል ያሉበት ቦታ ይቁሙልኝ። ባሕሩን ይመልከቱ። ፀሐይዋ የት ናት?»

ፕሪያሞ ቆመ። ፀሐይዋ ማጅራቱን እየለበለበች፣ ጥላው ከፊቱ ተዘርግቷል። «ከኋላዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ትናንትም በዚህ ሰዓት ከኋላ ነበረች። ባሕሩ ላይ የምትሆነው ጠዋት ብቻ ነው። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያዩት ጠዋት ነው፤ እሱም እዚህ ላይ ሆኖ አይደለም። እዚህ የወጣ ሰው ጫማው ቀይ ጭቃ ይይዛል። የእኛን ሁላችንን ጫማ እዩት! የጋንቲኔ ጫማ ግን ነጭ ጠጠር ብቻ ነው። በጀልባ ሄደ፤ ታች ሞተ። ጋሽ ባኪስዮ ሲደርሱም ደርቆ ነበር። ከሰዓት በኋላ የወደቀ ሰው ወዲያው እንደ ግንድ አይደርቅም፤ ሰዓታት ይፈጃል።»

«ታዲያ ጀልባ ያለው ባኪስዮ አይደለም?» ብሎ ጮኸ ፕሪያሞ።

«ባርኔጣውስ? ትናንት ከቀትር እስከ ምሽት እዚህ ጫፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ባሕር ውስጥ በከተተው ነበር። ነፋሱ ከቆመ በኋላ የመጣ ሰው ነው ያስቀመጠው። ያን ጊዜ ጋሽ ባኪስዮ እኛው ጋ ነበሩ። እዚህ የነበረው አንተ ነህ ፕሪያሞ።»

«ፕሪያሞ» አለች ፔፓ። ሁሉም ዞሩ። «ጀልባችንን ለምን አጠብካት?»

ፕሪያሞ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«ከተጋባን ጀምሮ አጥበሃት አታውቅም። ትናንት መቅዘፊያውን ሳይቀር በአሸዋ ስትፈትግ አየሁህ። ወንድሜን የት ነው የወሰድከው?»

ፕሪያሞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «ዋሻው ጋ እንነጋገር አለኝ፤ በእኔ ጀልባ ሄድን። ዛሬ ሽማግሌው ይመጣሉ፣ ወይ ራስህ ንገራቸው ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ አለ። ለመንኩት። ለእህትህ ስትል አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ፤ መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?» አሉ ባኪስዮ።

ፕሪያሞ ቀና አላለም። «ኤሊሴዮ እምቢ አላለም። ገመዳችን ማዶ ቀርቶ ነበር። ውሃው እየመጣ ነው ብሎኝ ነበር። ፈሪ አትሁን፣ ሂድ አምጣ አልኩት። ጋንቲኔ አጠገባችን ሆኖ ሰምቷል።»

ቦናሪያ ሽማግሌው ይዘሉበታል ብላ መሃል ገባች። ባኪስዮ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ፖሊሱ ፕሪያሞን በካቴና አስሮ በጽዱ መሃል ሲያወርደው እንኳ አላዩትም።

«ሁለት ዓመት» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ መቃብሩ ጋ ቆሜ ስቆጣው ነው የኖርኩት። ለምን አልታዘዝክም እያልኩ።»

«መኪናው ቤትዎ ያድርስዎት፣ ጋሽ ባኪስዮ።»

«ቤት አይደለም። የመቃብር ስፍራው በር ላይ አውርዱኝ። ልጄን ይቅርታ ልለምነው።»

መኪናው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ፔፓ በሩ ጋ መጥታ ቆመች። ወንድሟ ለእሷ ሲል ዝም እንዳለ አሁን ገብቷታል፤ የሽማግሌውን ዓይን ማየት አቃታት።

«አብሬዎት ልምጣ?» አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።