ሰጪው ያልታየ ስንኝ

«አፍሽ ፈጣን ነው፣ አልካድሁም፤ ግን ለጠብ እንጂ ለካሜራ አይሆንም» አለኝ ግርማ፣ ፊት ለፊቴ፣ ከድር እየሰማ።

ግርማ የትምህርት ቤታችን የኪነት ቡድን መሪ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እኔን የሚበልጠኝ በአንድ ክፍል ብቻ ሲሆን በዚያች አንድ ክፍል ግን አገር የሚያስተዳድር ይመስለዋል። ይህን የነገርኋችሁ በምን ዓይነት እልህ ውስጥ እንደነበርሁ እንድታውቁልኝ ነው እንጂ የማወራችሁ ሌላ ነው፣ ደግሞ አስቀድማችሁ አትሳቁብኝ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ወሬ ስስቅ የኖርሁ ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ስለ ጣና የውኃ ጌታ ሲወራ «ጌታ ከሆነ ምነው ቧንቧችንን አይለቅልንም?» ብዬ እናቴ አፌን በመዳፏ የዘጋችኝ ልጅ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጓደኛችን ከከድር ነው። አባቱ ወረታና ባሕር ዳር የሚነግዱ ሰው ናቸው፣ ጅዳ ያለው አጎቱ ለከድር እኅት ሰርግ መቅረጫ ብሎ የቪዲዮ ካሜራ ላከላቸው፣ ከካሜራው ጋር አንድ ካሴት አብሮ መጣ፣ ጥቁር አሜሪካኖች ያለ ዜማ፣ በምት ብቻ፣ እሳት እንደነካው ሰው እየተጣደፉ የሚናገሩበት። «ራፕ ይባላል» አለን ከድር። ግርማ «ይኼማ ስድብ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ፣ እኔ ግን አንድም ቃል ሳይገባኝ የቆዳዬ ጸጉር ቆመ፣ ይኼ እኮ የእኛው ፉከራ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ!

በአማርኛ እንሥራው፣ ይቀረጽ፣ በትምህርት መዝጊያው በዓል ተማሪው ሁሉ ይየው ተባባልን። ፈቃዱን ከቀበሌ ያመጣው ግርማ ነው፣ አይካድም፣ ያኔ ካሜራ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ቀልድ አልነበረም፣ የዓባይን ድልድይማ ሲቀርጽ የተገኘ መጨረሻው አይታወቅም። ስለዚህ ተጨቃጭቀን ቦታ መረጥን፣ የዘንባባው ጎዳና፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ሠራተኛው በብስክሌት ጎርፎ ሲወጣ፣ መዝጊያው ደግሞ ሐይቁ ዳር ጀልባ መቆሚያው ላይ። ግጥሙ የእኔ ነው፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የእኔ፣ ይህን ስጽፍ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ታዲያ ግርማ ያን ያለኝ ግጥሜን ወስዶ ጸጉሩን ሲያበጥር ለሚውል አንድ ልጅ ሊሰጥብኝ ነው።

«ፈትነኝ» አልሁት። «ካልቻልሁ ያንን ማበጠሪያ አምጣው።»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ጥርት ብላ፣ ሦስታችን ጀልባ መቆሚያው ላይ ቆምን፣ ከድር ለሙከራ ካሜራውን ከፍቶ። የመዝጊያው ሐሳብም የእኔ ነበር፣ አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው አንድ ሰው «ተቀበይ!» ብሎ ስንኝ ይወረውርልኛል፣ እኔ ያንኑ ስንኝ በራፕ ፍጥነት እመልስለታለሁ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፣ ስንኝ ለሰጠ ሰው ሳይመልሱለት አይሄዱም፣ ደስ ካለው «ድገሚው» ይላል፣ ሌላ ይጨምራል፣ እሱ እስኪበቃው ድረስ የእሱ ነሽ።

ግርማ ጉሮሮውን ጠረገና «ተቀበይ! ፋብሪካው አፏጨ፣ ተነሣ ወዛደር!» አለ። እንኳን እኔ ዶሮም የምትመልሰው ስንኝ ነው፣ አፉን ሳይገጥም መለስሁለት። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ውኃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ባንድ ጊዜ ዝም አሉ፣ ከቆምንበት እንጨት ሥር ውኃው ጨለፍ፣ ጨለፍ ይል ጀመር፣ ሰው የሚቀዝፍ ይመስል፣ እና ከደንገሉ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ «ተቀበይ» አለኝ።

ዓሣ አጥማጅ ናቸው ብዬ «እሺ አባቴ» አልሁ። ስንኙን ሰጡኝ፣ ቃል በቃል ተቀበልሁ፦

ታንኳው ተመለሰ ቀዛፊው ቀርቶ፣
ድምፁን ይዞት መጣ ሰውየውን ትቶ።

ግርማ ወደ እኔ ተጠጋ። «ይኼን መቼ ጻፍሽው?»

«እኔ አልጻፍሁትም፣ ሽማግሌው ናቸው የሰጡኝ።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ወላሂ ስንዱ፣ እኔ የሰማሁት ‹እሺ አባቴ› ስትይ ብቻ ነው» አለ ከድር።

እንግዲህ እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ደንገሉ ውስጥ ገባሁ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፣ ሰው የለም፣ ከእኔ እግር ሌላ ዱካም የለም። ስመለስ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥነን በካሜራው ቀዳዳ ተራ በተራ አየን፣ ግርማ ስንኙን ሲሰጥ አለ፣ እኔ ስመልስለት አለሁ፣ ቀጥሎ አንገቴን ወደ ደንገሉ ሰበር አድርጌ «እሺ አባቴ» እላለሁ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጨለፍ ጨለፍ ብቻ፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ።

ግርማ ዓይኑን ከካሜራው ነቅሎ «ከየትም አምጪው፣ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ። ማበጠሪያው በዚያው ቀረ።

የቀረጻው ቀን ሠራተኛው ከፈረቃ ሲወጣ ተከትሎን እስከ ሐይቁ ዳር መጣ። አባቴም ከሚሠራበት ከፋብሪካው ፈትል ክፍል ወጥቶ፣ የጥጥ ብናኝ እንደለበሰ፣ ብስክሌቱን ደግፎ ቆሟል፣ ምን እንደምሠራ አልነገርሁትም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ጀመርሁ። ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን አፌ የእኔ አፍ ብቻ አልነበረም፣ የፋብሪካው ማሽን ነበር፣ አንድ ቃል አልሳትሁም፣ አንድ ምት አላመለጠኝም።

«የማን ልጅ ናት?» አለች አንዷ ሠራተኛ።

«የእኔ» አለ አባቴ። ቃል የማያበዛው አባቴ የብስክሌቱን ደወል በምቱ መደወል ጀመረ፣ አጠገቡ ያለው ተከተለው፣ ብስክሌት ሁሉ ደወል ሆነ፣ እንዲህ ያለ ከበሮ ማንም ዘፋኝ አላገኘም።

በመጨረሻ ያን ስንኝ አልሁት። «ሰውየውን ትቶ» ብዬ አፌን ስገጥም ደንገሉ ተከፈለና አንድ ታንኳ ወጣ፣ ባዶውን፣ ነፋስ በሌለበት፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ፣ መቅዘፊያው መሀሉ ላይ ተጋድሞ ውኃ ያንጠባጥባል። ሕዝቡ የተዘጋጀ መስሎት በጭብጨባ አበደ።

«አንተ፣ ታንኳዋን ያመጣሃት አንተ ነህ?» አለው ከድር ግርማን በሹክሹክታ፣ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሣ።

«እኔ? እኔማ አንተ መስለኸኝ!»

«ድገሚው! ድገሚው!» ይላል ሕዝቡ። ግርማ ፊቱ አመድ መስሎ እንኳ እጁን እያወዛወዘ «ስንዱ፣ ድገሚው፣ ካሜራው እየቀረጸ ነው!» ይለኛል።

የታንኳው ጫፍ ከእግሬ ሥር እንጨቱን ነካ። ከባዶው ታንኳ ውስጥ፣ ያው የሽማግሌ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ «ተቀበይ» አለኝ።

ከተቀበልሁ እሱ እስኪበቃው ድረስ የእሱ ነኝ፤ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ሕዝቡን በክርኔ ገፋሁት፣ ከአባቴ ብስክሌት ኋላ ተቀመጥሁና «እንሂድ አባባ» አልሁት፣ ሄድን።