ባለ ባርኔጣው ሰውዬ

«ቆይ እስቲ» አለ አባቷ ከትራሱ ቀና እያለ። «ባለ ባርኔጣው ዝም ብሎ መናገር ጀመረ?»

«አዎ» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ። ዓይኗ ገጹ ላይ ይሁን እንጂ የምታነበው እዚያ የተጻፈውን አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ የምታወራለት ሁሉ ከራሷ የፈጠረችው ነው።

መጽሐፉ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ አንድ እንግሊዛዊ የጻፈው ወፍራም ልቦለድ ነው። ትርጉሙን ያዋሷት የሥነ ጽሑፍ መምህሯ ሲሆኑ፣ ደራሲው በገጸ ባሕርያቱ አንባቢን እንዴት እንደያዘ ጻፉ ብለው የቤት ሥራ ሰጥተዋል። ልቦለዱ መጀመሪያ የወጣው በየሳምንቱ እየተቆራረጠ ስለነበር፣ አንባቢ ሰዎቹን እንዳይረሳቸው ደራሲው ለእያንዳንዳቸው አንድ የማይለቅ አመል ይሰጣቸዋል ብለውም ነበር። ይህን ጽፋ ማስረከብ አላቃታትም። ያቃታት ሌላ ነው።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሕመሙ አልጋ ላይ ካዋለው ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብቆ «እስቲ ያንን ጉድ አምጪው» ይላታል። ከሁሉ የወደደው አንድ ችግረኛ ሽማግሌ የቢሮ ጸሐፊ ነው። ሽማግሌው ቃል ከመተንፈሱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያያል፤ የሚናገረው እዚያ የተጻፈለት ይመስል። አባቷ «ባለ ባርኔጣው» ብሎ ስም አወጣለት። ሲስቅ ደረቱን ይዞ ነው፤ እሷም ያንን ሳቅ ለመስማት ስትል ከትምህርት ቤት በሩጫ ትመጣለች።

እሑድ ለብቻዋ ቀድማ ስታነብ ባለ ባርኔጣው ሞተ። ያለቀሰችው ለእሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ለእናቷ ከእንግዲህ የሚሰጠው መድኃኒት ለማስታገሻ ያህል ብቻ እንደሆነ ነግሯታል። እናቷ ደረጃው ላይ ክንዷን ይዛ «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ተስፋ ይቆርጥብናል» አለቻት። ስለዚህ ልጅቷ ሰውዬውን ከሞት አስነሳችው። ሥራ አገኘችለት፣ ሳሉን አዳነችለት፣ ዛሬማ የእህቱን ልጅ ልትድርለት ነበር።

«ባርኔጣውስ?» አለ አባቷ።

«የቱ ባርኔጣ?»

«ሳያወልቅ፣ ውስጡን ሳያይ ነው የሚያወራው? ትናንትም እንዲሁ አደረገ፤ ዝም አልኩሽ እንጂ። ያንን ሰውዬ እንደ ጎረቤቴ ነው የማውቀው። ይሄ እሱ አይደለም።» ወደ እሷ ዞረ። «ሞቷል፣ አይደል?»

«አባዬ…»

«ልትሸውጂኝ?» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «በይ የሞተበትን አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ አባቷ ግን አላጣደፋትም። ባለ ባርኔጣው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ባርኔጣዬን አቀብሉኝ እያለ ይለምናል። አስታማሚዎቹ ግን አዝነውለት «አርፈህ ተኛ፣ አትድከም» ይሉታል። ባርኔጣው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ፣ ሰውዬው ያሰበውን ሳይናገር ያልፋል።



«የሚለው ነበረው እኮ» አለ አባቷ። «አዘንንለት ብለው ዝም አሰኙት።» ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገ። «የኔ ልጅ፣ እኔም የምላችሁ ብዙ አለኝ። ጊዜዬን ካላወቅኩ ከየቱ እንደምጀምር እንዴት አውቃለሁ? ሐኪሙ ምን አለ?»

እናቷ ማድ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው፤ የቧንቧው ውሃ ይሰማል። «ትድናለህ ብሏል» ማለት ይቻላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ውሸት ስታነብ ለሰነበተች ልጅ ይህ ምንም አይደለም። አባቷ ግን አፍ አፏን እያየ እየጠበቀ ነበር። መጽሐፉን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ተነሳች፣ ማድ ቤት ገብታም ቧንቧውን ዘጋችው።

«እማዬ» አለች፣ «ነይ፣ አብረን እንንገረው።»