ድብ ሰባት ዘፈን ያውቃል

ፋሪዛ በአማቷ በሽማግሌው ሃሪቶን ቤት ሰባት ዓመት ስትኖር አንዲት ቃል ተናግራቸው አታውቅም። ተጣልተው እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሸለቆ ሙሽራ በአማቷ ፊት አፏን አትከፍትም፤ አማትየው ራሳቸው አንድ ቀን ስጦታ ይዘው «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተናገሪ» እስኪሏት ትጠብቃለች። ለአንዷ በወሩ ይፈታላታል፣ ለሌላዋ በዓመቱ። የፋሪዛ ግን እንደታሰረ ቀረ።

ባሏ ካንተሚር የሽማግሌው አንድ ልጅ ነበር። በተጋቡ በአርባኛው ቀን ተራራውን ሲሻገር በረዶ ተንዶ ወሰደው። ፋሪዛ ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱባት የምትመለስበት ቤት አልነበራትም፤ ቢኖራትም ሽማግሌውን ጥላ አትሄድም። ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሃሪቶን ወደ ግድግዳው ዞረው «ዛሬስ ብርዱ ጠንክሯል» ይላሉ፤ እሷ እንጨት ትጨምራለች። ወደ ድመቷ ዞረው «ሾርባው ጨው ጎድሎታል» ይላሉ፤ እሷ ጨው ታመጣለች። እንዲህ እየሆኑ ኖሩ።

ሽማግሌው እሳቱን እያዩ የአባቶችን ምሳሌ መናገር ይወዳሉ። ለማን እንደሚናገሩት እግዜር ይወቅ። ፋሪዛ በሩ ጥግ ቆማ ሱፍ እየፈተለች ሁሉንም በልቧ ያዘችው።

በመስከረም መጨረሻ ኢናል የሚባል አስተማሪ ከከተማ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ረጅም፣ የጫማው ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚጎተት። የድሮ ሰዎች ምሳሌ ሳይጠፋ ጽፈህ አምጣ ተብሎ ነው የተላከው። ከሃሪቶን የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ መንደሩ በሙሉ ወደዚያ ቤት ጠቆመው። ሽማግሌውም «እንግዳ የእግዜር ነው» ብለው አልጋ ሰጡት።

ችግሩ፣ ሽማግሌው መርሳት ጀምረዋል። ምሳሌውን ይጀምሩትና መሀል ላይ ሲደርሱ ጭራው ይጠፋባቸዋል። እጃቸው አየር ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል። ያኔ ኢናል አንገቱን ይደፋል፤ የትልቅ ሰው ማፈር አይታይምና። በሩ ጥግ ያለችው ሴት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግን አላየም።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ ምንጩ ዳር ተቀምጦ ብቻውን ያጉረመርማል።

«ድብ ሰባት ዘፈን ያውቃል… እሺ፣ ያውቃል። ከዚያስ? ምን ሆነ ድቡ?»

«ሰባቱም ስለ ማር ነው» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ።

ዞር ሲል ፋሪዛ ባልዲ ይዛ ቆማለች።

«ትናገሪያለሽ እንዴ እህቴ? እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ስልሽ አንገትሽን ብቻ ስትነቀንቂ…»

«እሳቸው ባሉበት ነዋ።»

ጎረቤቷ ጎሳማ ወዲያ ማዶ ሱፍ እያጠበች ሳቀች። «ዲዳ መስላው ነው። ልጄ፣ ይቺ እዚህ ምንጭ ላይ ስታወራ ውሃው ራሱ ቆሞ ነው የሚሰማት። የምትታሰረው ቤት ስትገባ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ሁለት ቦታ ሆነ። ጠዋት ሽማግሌው ይጀምራሉ፣ ከሰዓት ምንጩ ላይ ፋሪዛ ትጨርሳለች። ፋሪዛ «እንግዳው» ነው የምትለው፤ በስሙ ጠርታው አታውቅም። እሱም «እህቴ» ማለቱን ቀስ በቀስ ተወ፣ ምን እንደሚላት ግን አጣ። አንዳንድ ቀን የሚጻፍ ነገር አልቆ እንኳ ይቀመጣሉ። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ማንም አያነሳውም።

ጎሳማ ይህን ሁሉ ታያለች። «ፋሪዛ» ትላታለች፣ «ድሮ ውሃ ስትቀጂ ቶሎ ትመለሺ ነበር። ምንጩ ራቀ?»

«ባልዲው ቀዳዳ ሆኖ ነው እትዬ።»

«እሱስ ልብሽ ነው።»

ጥቅምት አለቀ። የቅዳሜው አውቶቡስ የመጨረሻው ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ በረዶው መንገዱን ይዘጋዋል፣ እስከ ሚያዝያ የሚገባም የሚወጣም የለም። ሐሙስ ዕለት ኢናል ምንጩ ላይ ጠበቃት።

«ደብተሬ ሞላ» አላት። «አራት መቶ አሥራ ሁለት። ግማሹ የአንቺ ነው።»

«የሳቸው ነው። እኔ ጭራውን ነው የያዝኩት።»

ኢናል የጫማውን ማሰሪያ አሰረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። «እኔም እንደ ድቡ ሆኛለሁ። ስለ መንገዱ ላወራሽ እጀምራለሁ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጎሳማ ላም። ሁሉም መጨረሻው አንድ ነው።»

ገባት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ሽማግሌውን ልጠይቃቸው?» አላት።

«ጠይቀህ ምን ልትሆን? እኔ በዚያ ቤት አፍ የለኝም። ለምን እንደሌለኝም አውቃለሁ።» ባልዲውን አስቀመጠች። «ካንተሚር የሄደ ቀን ከተራራው ጀርባ ጥቁር ደመና ሲወጣ አይቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ብጠራው ይመለስ ነበር። ግን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ አማቴም ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ስሙ እዚህ ጋ ደረሰ» ጉሮሮዋን ነካች፣ «ዋጥኩት። እሳቸው ይህን ያውቃሉ። ልጃቸውን ያልጠራ አፍ ለምን ብለው ይፈቱልኛል?»

«እንደዚያ ብለውሽ ያውቃሉ?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አላሉኝም። ከዚህ በላይ ምን ይበሉኝ?»

«ቢፈቱልሽስ?» አላት ኢናል።

«ጥያቸው አልሄድም።»

«ጥለሻቸው እንድትሄጂ ማን ጠየቀሽ? ከወንዙ ማዶ ያ ጣራው የወደቀ ቤት ባለቤት የለውም። ትምህርት ቤቱም አስተማሪ ይፈልጋል።»

«ከሚስቱ ደጅ የተጠጋ ይሉሃል።»

«እንደዚያ ያለውን ወንድ የሚሰድቡ አሥራ አንድ ምሳሌዎች ደብተሬ ውስጥ አሉ። ሁሉንም አነበብኳቸው። የሚገድል የለበትም።»

ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ዓርብ ጠዋት ኢናል ሽማግሌው ፊት ቆመ። ፋሪዛ እንደ ወትሮዋ በሩ ጥግ እንዝርቷን ይዛለች።

«አባባ፣ ፋሪዛን ላገባ እፈልጋለሁ» አላቸው። «እንደ አባትዋ እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

ሃሪቶን ከእሳቱ ዓይናቸውን አላነሱም። «እሷን ጠይቃት።»

«አፏን ካልፈቱላት በእርስዎ ፊት እንዴት ትመልስልኛለች?»

«ያ ዝምታ የኔ መሰለህ? የልጄ ነው። በሱ ሐዘን ነው የምትኖረው። እኔ ማን ነኝና ከሙት እጅ የምነጥቀው?» በትራቸውን አመዱ ውስጥ አዞሩ። «ደግሞ እኔን ማናገርም አትፈልግም። እውነቷን ነው። ደመናውን እኔም አይቼው ነበር።»

እንዝርቱ ቆመ።

«ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ግን አባት በሰው ፊት ልጁን አይጠራም፣ አያባብልም፤ ምራቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አፈርኩ። ስሙን ዋጥኩት። ባሏን ለሥርዓት ብሎ የገበረ አማት ምን ብላ ታናግረው?»

ሽማግሌው እሳቱን እያዩ ቀጠሉ። «አባቴ አንድ ነገር ይል ነበር። ወንዝ በበረዶ ሥር ዝም ይላል… ዝም ይላል እንጂ…» እጃቸው ተዘረጋና ቀረ። «አየህ፣ ይሄም ጠፋብኝ። ይሄ እንኳ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም ነበር።»

ኢናል አንገቱን ደፋ። ይህን ምሳሌ ምንጩ ላይ አልሰማውም።

ፋሪዛ እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ምራት ሳይፈቀድላት ቀድማ ስትናገር በዚህ ሸለቆ ታይቶ አይታወቅም።

«መንገዱን አይረሳም» አለች።

ድመቷ እንኳ ቀና አለች። ፋሪዛ እግራቸው ሥር ወደቀች። «አባዬ፣ ደመናውን እኔም አይቼው ነበር። እኔም ስሙን ዋጥኩት። የሚወቅሱኝ መስሎኝ ነው ሰባት ዓመት…»

መጨረስ አልቻለችም። ሽማግሌው ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ሣጥኑ ሄዱ። ከሣጥኑ ታች የተጣጠፈ ሰማያዊ ሻሽ አወጡ፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ነጥቷል።

«ልጄ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ነው የገዛሁልሽ። ሐዘን ቤት ስጦታ ይዞ መግባት ነውር ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዓመቱ ሞላ፣ ሁለት ሆነ። የዘገየ ነገር ጥርስ ያወጣል ልጄ፣ ስትነኪው ይነክሳል።» ሻሹን ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። «ተናገሪ። ዘግይቻለሁ፣ ግን ተናገሪ።»

«ምን ልበልዎ አባዬ?»

«ይህን ረጅም ሰው ትፈልጊዋለሽ ወይ?»

«እፈልገዋለሁ።»

ሽማግሌው አፍንጫቸውን ጠርገው ወደ ኢናል ዞሩ፤ ፊታቸው እንደገና የአማት ፊት ሆነ። «አንተ ደግሞ ብቻህን፣ በባዶ እጅህ ነው የምትመጣው? ሽማግሌ ላክ። ሦስት ጊዜ ይምጡ። ሁለቱን ጊዜ እመልሳቸዋለሁ።»

«ለምን አባባ? እሺ ብለው የለ?»

«ልጄን እንደ ጎመን በአንድ ቃል የምሰጣት መሰለህ?»

ቅዳሜ ኢናል ደብተሩን ሊያስረክብና ሽማግሌ ሊያዘጋጅ በመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ። እሑድ በረዶ ጣለ፣ ሰኞ መንገዱ ተዘጋ።

ያን የበረዶ ወራት ፋሪዛ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። በአንድ በኩል ቤቱ በወሬ ተሞላ፤ ሽማግሌው ድመቷን ትተው እሷን ያናግራሉ፣ እሳቸው ይጀምራሉ፣ እሷ ትጨርሳለች። እርሳታቸው በየሳምንቱ ይብሳል። በሌላ በኩል ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። በየቀኑ ወደ ነጩ መንገድ ታያለች፤ ዓይን እስኪታመም ነጭ ነው። ምንጩ ላይ በረዶውን ሰብራ ስትቀዳ እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ድንጋይ በእጇ ትጠርገዋለች፤ ነገ ደግሞ በረዶው ይሸፍነዋል፣ ደግሞ ትጠርገዋለች።

«የከተማ ወንድ እንደ ከተማ ዳቦ ነው» ትላታለች ጎሳማ። «በማግስቱ ይደርቃል።»

«ይድረቅ እትዬ። ሾርባ አለኝ።»

በኅዳር በዓል እንደ ልማዱ አይብ የተሞሉ ሦስት ቂጣዎች ጋገረች፣ ሽማግሌው ቆመው መረቁ። የመንገደኛ ጠባቂ የሆነውን ቅዱስ፣ ሴት በስሙ አትጠራውም፤ ስሙ የወንዶች ነው። ፋሪዛ ጓዳ ገብታ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ጸለየች። «አንተ የመንገደኞች ጌታ፣ ስምህን አልጠራም። የሱንም ስም ጠርቼው አላውቅም። ግን ማን ለማን እንደሚለምንህ ታውቃለህ። በደህና አምጣልኝ።»

እግዜር ይመስገን፣ ሰማት። በሚያዝያ መንገዱ እንደ ተከፈተ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ኢናል ነበረ፣ የጫማው ማሰሪያ እየተጎተተ። ወደ እሷ አልመጣም፤ ሙሽራ ጉዳዩ እስኪያልቅ ሙሽሪትን አያናግርምና ከወንዙ ማዶ የወደቀው ጣራ ላይ ወጥቶ በመዶሻ ይጠግነው ጀመር። ፋሪዛ መዶሻውን እየሰማች ትውላለች። አምስት ወር የጠበቀችው ሰው በዓይን ይታያል፣ በቃል አይደረስበትም። ይሄኛው ናፍቆት ከበረዶው ባሰባት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሃሪቶን «ልጄ ገና ናት» ብለው መለሷቸው። እንደገና መጡ፤ «ላሜ አልወለደችም» ብለው መለሷቸው። ላም የላቸውም። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ማዕዱ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ትልቁ አማላጅ ቆሞ ጠየቀ። ሃሪቶን ዋንጫቸውን ይዘው ተነሡ። አባት ልጁን ሲሰጥ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ ያለሷ ጋብቻው አልጸናም።

«ልጄ ልጃችሁ…» አሉ። እጃቸው ተዘረጋ። «ልጄ ልጃችሁ…»

ወንዶቹ ጠበቁ። አንዱ አማላጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከበሩ ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «እሳቴም እሳታችሁ ነው።»

ሰዎቹ ተያዩ። ሙሽራ ራሷን ስትድር ማን ሰምቶ ያውቃል። ሃሪቶን ግን ዋንጫቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰምታችኋል። ቃልና ቀስት አንዴ ከወጡ አይመለሱም። ጠጡ።»

ወንዶቹ ገና ሲጠጡ ፋሪዛ ሰማያዊ ሻሿን አድርጋ በሩ ላይ ወጣች። ከማዶ ኢናል ጣራው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይመታል፤ ምን እንደተባለ አያውቅም። ሠርጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሚስት ናት፣ ሚስት ደግሞ የባሏን ስም አትጠራም። ስሙ ጉሮሮዋ ጋ መጥቶ ቆመ፤ ያው ቦታ።

ዞር ስትል ሽማግሌው ተከትለዋት ወጥተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። እንደዚያን ቀን፤ እሷ በሩ ላይ፣ እሳቸው ግቢው ውስጥ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት። «ጥሪው እንጂ።»

«ኢናል» አለች። ድምፅዋ አልወጣም።

«ወንዙ ይጮሃል ልጄ። ከፍ አድርጊው።»

«ኢናል።»

መዶሻው ቆመ። ዞር አለ፣ ሻሹን አየ፣ ገባው። ጣራው ላይ ቁጭ አለ። እሷ ግን ማቆም አልቻለችም፤ ጠራችው፣ ደግማ ጠራችው። ጎሳማ አጥሯ ላይ ተደግፋ በጣቷ ትቆጥራለች።

«ሰባት» አለች ጎሳማ። «ምነው፣ ሌላ ቃል የለሽም?»

«የለኝም እትዬ» አለች ፋሪዛ። «ሰባቱም ያው ነው።»